አይቶ መማር ሌላ፣ አይቶ ማድረግ ሌላ

«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ሲባል ስቀን እናልፋለን እንጂ ተረቱ ቁም ነገር አለው፤ ጠባይ በምክርና በዱላ ብቻ ሳይሆን በማየትም ይጋባል። ችግሩ ተረቱ መቸኮሉ ነው። ጊደሯ ያየችውን ወዲያው ታደርገዋለች። ሰው ግን ያየውን ይዞ፣ ዝም ብሎ፣ ምቹ ጊዜ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል። ይህን በሙከራ ያሳዩት በትውልድ ካናዳዊ የሆኑት የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ባንዱራ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ በሙያው ገንኖ የነበረው አስተሳሰብ፣ ፍጡር የሚማረው ራሱ ሞክሮ ሲሸለም ወይም ሲቀጣ ነው የሚል ነበር። አይጥ ማንሻ ተጭና ምግብ ካገኘች መጫኑን ትለምዳለች፤ ሰውም ከዚያ ብዙ አይለይም ይባል ነበር። እውነት እንዲህ ቢሆን ኖሮ መኪና መንዳት የሚማር ሰው ስንቱን ገጭቶ ይጨርስ ነበር! የከባድ መኪና ረዳቶችን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ረዳቱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ማርሽ የሚቀየርበትን ሰዓት፣ ቁልቁለት የሚወረድበትን ዘዴ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚወራበትን ድምፅ ሳይቀር ይቀዳል። ልብ ብሎ ማየትና ያየውን በአእምሮ መያዝ ይህን ያህል ያስኬዳል። ፍሪሲዮን ለመልቀቅ ግን እግሩ ራሱ መለማመድ አለበት፤ ደግሞም መሪ ለመያዝ ፍላጎትና ዕድል ያስፈልጋል።

የባንዱራ ጥያቄ የጀመረው ከጠበኛ ልጆች ነው። ከሪቻርድ ዋልተርስ ጋር በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከደህና ቤት የወጡ ወንድ ልጆች ለምን ጠበኛ እንደሚሆኑ መረመሩ። ወላጆቹ ቤት ውስጥ እጁን የሚያነሳ ልጅ አይታገሡም። ውጭ ሲሆን ግን እንዲመታ ያደፋፍሩታል፤ ራሳቸውም በጠባያቸው ያሳዩታል። «ተመትተህ እንዳትመጣ» የሚል አባት እኛ ሰፈር ብቻ ያለ ለሚመስለን፣ ይህ ጥናት ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ቀጥሎ በ1961 የወጣው ቦቦ በተባለ አሻንጉሊት የተደረገው ሙከራ ነው። ቦቦ በአየር የሚነፋ፣ ከታች ክብደት ያለው፣ ሲመቱት ወድቆ መልሶ የሚቆም አሻንጉሊት ነው። ባንዱራና ሁለት ባልደረቦቻቸው፣ ዶሮቲያ ሮስና ሺላ ሮስ፣ ከዩኒቨርሲቲው መዋዕለ ሕፃናት 36 ወንዶችና 36 ሴቶች መረጡ። ሲሶዎቹ አንድ አዋቂ ቦቦን በመዶሻ ሲመታ፣ ሲረግጥና ሲዝትበት አዩ። ሌሎቹ ሲሶዎች በጸጥታ የሚጫወት አዋቂ አዩ፤ የቀሩት ማንንም አላዩም። ኋላ ልጆቹን ደስ የሚሉ መጫወቻዎች አሳይተው ነጠቋቸው፤ እንዲናደዱ ነው። ከዚያ ቦቦ ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ድብደባውን ካዩት ብዙዎቹ የአዋቂውን አመታት ከነቃሉ ደገሙት። የሸለማቸውም ሆነ አድርጉ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ይህ ሙከራ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል፤ እኔ ግን ከእሱ ይልቅ በ1965 የወጣውን አስበልጣለሁ። በዚህኛው ልጆቹ የተመለከቱት ፊልም ሲሆን መጨረሻው ሦስት ዓይነት ነው፦ በአንዱ ደብዳቢው ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ይሸለማል፤ በሌላው ይገሠጻል፣ ይመታል፤ በሦስተኛው ምንም አይደርስበትም። ለብቻቸው ሲተዉ፣ ሰውየው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ኮረጁ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ «ቅጣት ያስተምራል» ብለን በሄድን ነበር። ባንዱራ ግን አንድ ነገር ጨመሩ፦ ሰውየው ያደረገውን ላሳየ ልጅ ጭማቂና የሚለጠፍ ሥዕል እንሰጣለን ተባለ። ያን ጊዜ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረው ልዩነትም እጅግ ጠበበ። ለካ ሁሉም ተምረው ነበር። ቅጣቱ የከለከለው ማድረጉን ነው፤ የገባውን ትምህርት አላወጣውም።

በእርግጥ ቦቦ ለመመታት የተሠራ አሻንጉሊት ነው፤ እሱን የመታ ልጅ ወንድሙን ይመታል ማለት አይደለም። ተቺዎች ይህን ደጋግመው አንሥተዋል፣ ልክ ናቸው። በመማርና በማድረግ መካከል ያለው ልዩነት ግን በዚህ አይነካም።

ልጆች ደግሞ ዝም ብለው አይቀዱም። በ2002 በታተመ የጌርጌይ፣ የቤከሪንግና የኪራይ ጥናት፣ አንዲት ሴት የ14 ወር ሕፃናት እያዩ መብራት በግንባሯ ነክታ አበራች። እጆቿ ነጻ ሆነው ሳለ እንዲህ ስታደርግ ካዩት 69 በመቶው በግንባራቸው ሞከሩ። በርዷት ልብስ ተከናንባ እጆቿ ሲያዙ ካዩት ግን እንዲህ ያደረጉት 21 በመቶው ብቻ ናቸው። ገና ቋንቋ ያልፈታ ሕፃን «እጇ ስለተያዘ ነው» ብሎ የሚያመዛዝን ይመስላል።

ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እኛ ጆሮ የደረሰበትም ጊዜ አለ። የሜክሲኮው ድራማ አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ የባንዱራን ሐሳብ ወደ ቴሌቪዥን አመጡት። በዘዴያቸው አንዱ ገጸ ባሕርይ መልካሙን፣ ሌላው ክፉውን ይወክላል፤ ዋናው ግን በሁለቱ መካከል እየዋለለ፣ እየተሳሳተ ቀስ በቀስ የሚለወጠው ነው። ተመልካቹ ራሱን የሚያየው ፍጹም በሆነው ሳይሆን በዚህ በሚንገዳገደው ሰው ላይ ነው። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በዚሁ ዘዴ የተሠራ ሲሆን፣ በ257 ክፍሎቹ የቤተሰብ ምጣኔንና የኤችአይቪን ጉዳይ በቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አስገብቶ ተረከ። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ላኩ። በአድማጮች ዘንድ ለውጥ ቢታይ እንኳ ስንቱ የድራማው ነው ብሎ መለየት ግን ቀላል አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የተጀመረው በዚያው ሰሞን፣ በ2003 ነውና።