ተጨማሪ መረጃ፦ ኅቡእ ዕቃን በእግር ፈልጎ ማግኘት

የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግሥት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ጫካ አንድ ባልዲ ሰውሮ ሥፍራውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር ስላስታወቀ፣ ጂኦካሺንግ የሚባለው የፍለጋ ጨዋታ ተጀመረ። ሥርዐቱም ደባቂው ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ መዝገብ አኑሮ እንዲሰውር፣ ፈላጊውም ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት በሚቀበል መሣሪያ እየተመራ በእግሩ ደርሶ ስሙን ከጻፈ በኋላ ዕቃውን ወደ ቦታው እንዲመልስ ያዝዛል።

በ10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ37 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ አካባቢ በምትገኘው በደብረ ማርቆስ የሚማር ወጣት ይህን ጨዋታ ከጓደኞቹ ጋር ቢጀምር፣ እግሩ ለጉዞ ይበረታል፤ ዐይኑም ከገብሱ ማሳ በላይ አስታና ጅብራ የሚበቅሉበትን፣ የብዙ የዐባይ ገባሮች መፍለቂያ የሆነውን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጮቄን ተራራ መርምሮ ሥነ ፍጥረትን ያደንቃል። ዕቃው ግን ከአጸደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከመካነ መቃብርና ከሰው አዝመራ ርቆ፣ በባለ ይዞታው ፈቃድ ብቻ ይሰወር።