ሻምበል አበበን ያነሳው ሕክምና ጋምቤላ እስኪደርስ

ጋምቤላ ሲነሳ ለኳስ አፍቃሪው ቶሎ ትዝ የሚለው ኡመድ ኡኩሪ ነው። ከባሮ አገር ተነስቶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ገባ፤ ዋልያዎቹ በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲወርዱ አብሮ ነበር፤ ከዚያም ግብፅ ሄዶ ተጫወተ። ጋምቤላ በእግርና በቁመት የታደለ አገር ነው። የዛሬው ወሬ ግን እግሩ አልታዘዝ ስላለው ሰው ነው፤ በተለይ ደግሞ ስለ ወታደሩ።

ጋምቤላ ጠረፍ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከወዲያ ማዶ ደቡብ ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2013 ደቡብ ሱዳን እርስ በርሷ ስትታመስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበሩን ተሻግሮ በጋምቤላ ካምፖች ተጠለለ። ጦርነት ካለ ደግሞ ጥይት ጀርባው ላይ የገባበት ሰው አለ። የእኛም አገር ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን እስከ መቋቋም ተደርሷል። ከዚያ ወዲህም የባድመው ጦርነት መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ተጨመረ። የቀድሞ ወታደር የሌለበት የኢትዮጵያ ከተማ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

እግሩን በፈንጂ ያጣ ወታደርና ህብለ ሰረሰሩ የተመታ ወታደር በአንድ ስም «የጦር ጉዳተኛ» ይባላሉ እንጂ ጉዳያቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ቁስሉ ከዳነ ሰው ሠራሽ እግር ይገጠምለታል፤ ተለማምዶ ይራመዳል። በክራንች ኳስ የሚጫወትም አለ። አንጎላ የጦርነቷ ፈንጂ እግር የቆረጠባቸውን ልጆች ይዛ እ.ኤ.አ. በ2018 ሜክሲኮ ላይ በአንድ እግር የሚጫወቱ ሰዎችን የዓለም ዋንጫ ወስዳለች፤ በፍጻሜው ያሸነፈችው ቱርክን ነው። ሁለተኛው ግን ሁለት እግር አለው፤ የማይሠራ። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ወደ ታች ትዕዛዝ የሚያስተላልፍ ገመድ ማለት ነው። አንዴ ከተበጠሰ እንደ አጥንት አይጠግንም። አንገት ላይ ከተመታ እጅም እግርም ይሄዳል። ደረትና ከዚያ በታች ከሆነ እጅ ይተርፋል፣ እግር ይቀራል። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠሩም አብሮ ይሄዳል፤ ይኼ ነው እንግዲህ ሰው አፍሮ የማያወራው፣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው።

ሮም ላይ የተገናኙ ሁለት ታሪኮች

በኢትዮጵያ የዚህ ጉዳት ትልቁ ታሪክ የወታደር ታሪክ ነው። ኮልፌ አካባቢ ያለው ስታዲየም በስሙ የሚጠራለት ሻምበል አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር እንደነበር ሁሉም ያውቃል። በባዶ እግሩ ሮምን ማሸነፉንም ሕፃን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ሮም ሌላ ውድድር ተጀመረ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ገደማ ስፖርተኞች በዊልቸር ተሰለፉ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው ይኼ ነው። ያዘጋጁት ሰው ሉድቪግ ጉትማን ይባላሉ። ከሂትለር ሸሽተው እንግሊዝ የገቡ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ናቸው።

ጉትማን የተሰጣቸው ሥራ ወታደሮችን ማከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይ ላይ ሊያርፍ ሲዘጋጅ፣ ብዙ ጀርባቸው የተመታ ወታደሮች እንደሚመጡ ስለታወቀ ስቶክ ማንዴቪል በሚባል ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ክፍል ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ቁስለኛ ጥግ ይዞ ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። የሚገድለውም ጥይቱ አይደለም። አንድ ጎኑን ተኝቶ ሳያውቀው ቆዳው ይበሰብሳል፤ ሽንቱ ተቋጥሮ ኩላሊቱ ይመረዛል። ጉትማን አዲስ መድኃኒት አላመጡም። በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ አሉ። የሽንቱ ቱቦ በንጽሕና ይያዝ አሉ። ከዚያ ከአልጋ ይውረድና ይሥራ፣ ይጫወት አሉ። በቃ። ወታደሮቹ መኖር ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 የቀድሞ ወታደሮች በሆስፒታሉ ግቢ በዊልቸር ተቀምጠው ቀስት ወረወሩ። ፓራሊምፒክ የተወለደው እንዲህ ነው።

አበበ ሮም ላይ ሲሮጥ ስለዚህ ሆስፒታል የሰማ አይመስልም። ምን ሊያደርግለት!

ከመጋቢት 13 በኋላ

ቶኪዮን በ1957 ዓ.ም. ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ባደረገ በአምስት ሳምንቱ አሸነፈ። ሜክሲኮ በ1961 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን በጉዳት አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ሌሊት ቮልስዋገኑ ተገለበጠች። አበበ መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ፤ አንገቱ ተጎድቷል፤ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ ተጭኖ ስቶክ ማንዴቪል ገባ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠየቁት።

እዚያ ስምንት ወር ቆየ። በአንድ ቀዶ ሕክምና ተዓምር አልተሠራም፤ ስምንት ወር ሙሉ ማገላበጥ፣ ማሸት፣ መለማመድ ነው የነበረው። እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ ሰው እንደ ሐዘን ብቻ ያወራዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚሄድ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ፤ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። በረዶ አይቶ ያላደገ የሸዋ ልጅ! እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሄዶ እጁን ጨበጠው። ድሉም አደጋውም ከፈጣሪ የመጣ ነው ብሎ ሁለቱን እኩል እንደተቀበለ ይነገርለታል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ ንጉሡን ጨምሮ ወደ 65 ሺህ ሰው ወጣ።

አበበ አራት ዓመት ተኩል ኖሯል፤ ተወዳድሯል፤ አሸንፏል። ያኖረው ጥንካሬው ብቻ ነው ማለት ግን ዕዳውን መካድ ነው። አውሮፕላን ነበረ፤ ከኋላው መንግሥት ነበረ፤ እንዴት እንደሚያገላብጡት የሚያውቁ ነርሶችም ነበሩ።

ያው ጉዳት፣ ባሮ ዳር

እንግዲህ ያንኑ ጉዳት ወደ ጋምቤላ እናምጣው። አንድ ሰው ኢታንግ ወይም ፑኝዶ አካባቢ ጀርባው ላይ ተመታ እንበል። ጥይት የግድ አይደለም፤ ሞተር ሳይክል ሊጥለው ይችላል፤ ማንጎ ሊያወርድ ወጥቶ ሊወድቅም ይችላል። ከዛፍ መውደቅ በብዙ ሞቃት አገሮች ለዚህ ጉዳት የታወቀ ምክንያት ነው፤ ጋምቤላ ደግሞ የማንጎ አገር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና አነሳሱ ነው። የወደቀን ሰው ብብቱን ይዞ ብድግ ማድረግ፣ ጭኖ ባጃጅ ላይ ማስቀመጥ የሰው ርኅራኄ ነው፤ ግን ያልተበጠሰውን ሊበጥሰው ይችላል። ጭንቅላትን፣ ትከሻንና ዳሌን ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ይዞ እንደ ግንድ አንከባልሎ ጠንካራ ሳንቃ ወይም በር ላይ ማስተኛት ነው የሚያስፈልገው። ይኼ ገንዘብ አይጠይቅም። ሜዳ ላይ ተጫዋች ተጋጭቶ አንገቱን ሲይዝ ሐኪሞች ማንም እንዳይነካው የሚጮኹት ለዚህ ነው፤ ጓደኞቹ ግን ሁልጊዜ ሊያነሱት ይሮጣሉ።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ይኼን ብዙ ሰው አያውቀውም። ህብለ ሰረሰሩ ከደረት በላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች አያልበውም። ላብ የሰውነት ማቀዝቀዣ ነው፤ ትዕዛዙ ከአንጎል ካልደረሰ ማቀዝቀዣው አይሠራም። በዓለም ትልልቅ ውድድሮች የዊልቸር ራግቢ ተጫዋቾች በዕረፍት ሰዓት ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ውሃ የሚረጩት ለዚህ ነው። ጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ሸዋ ደጋ ላይ የሚቻል ልምምድ እዚያ ከረፋድ በኋላ አደጋ ሊሆን ይችላል። ጥላና የሚረጭ ውሃ ለዚህ ሰው እንደ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። የሆስፒታል ዊልቸር የተሠራው ለሴራሚክ ወለል ነው። የፊት ጎማዎቹ እንደ ሻይ ኩባያ ናቸው፤ የክረምቱ ጭቃ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ለእንዲህ ያለ አገር የሚሆኑት ከፊት ሰፋ ያለ ጎማ ያላቸው ወይም ባለሦስት እግሮቹ ናቸው። የኋላ ጎማቸው የብስክሌት ስለሆነ ሲፈነዳ ብስክሌት ጠጋኝ ይጨርሰዋል።

ጋምቤላ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አግኝታለች። ሰው ሠራሽ እግር፣ የድጋፍ መሣሪያ፣ ዊልቸርና ፊዚዮቴራፒ የእንዲህ ያለ ማዕከል ሥራ ነው። ለክልሉ ሰውም ለስደተኛውም ቀላል ነገር አይደለም። ደጋ ድረስ የሚያመላልስ መንገድ ያሳጥራል።

ሆኖም ዊልቸር ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አልዳነም። በየሃያና ሠላሳ ደቂቃው በእጁ ተደግፎ ከወንበሩ ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ የመቀመጫው ቆዳ ይቆስላል፤ አይሰማውም እኮ! በየአራትና ስድስት ሰዓቱ ሽንቱን በንጹህ ቱቦ ማውጣት አለበት። ይኼን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኩን። አንድ ወር ቸል ካለ ስቶክ ማንዴቪል ከመከፈቱ በፊት ወደነበረው ይመለሳል። ብቻውን ቤት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቸል ይላል።

ስፖርቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ራሱ የወታደር ጨዋታ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ቁስለኞች እ.ኤ.አ. በ1946 ገደማ በሆስፒታል የጀመሩት ነው። ልምምድ ያለው ሰው ማክሰኞና ሐሙስ ከቤት ይወጣል፤ ክንዱ ይጠነክራል፤ ክንዱ ሲጠነክር ከወንበሩ ራሱን ማንሳት አይከብደውም። አዲሱ ደግሞ ከነባሩ ይማራል። ስለ ቱቦና ስለ ቁስል ከሐኪም ይልቅ የቡድን ጓደኛ ሲነግር ይሰማል።

የቀይ መስቀሉ ኮሚቴ ይኼን በሌላ አገር ሞክሮታል። ጄስ ማርክት የሚባል አሜሪካዊ በ19 ዓመቱ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከከፍታ ዝላይ የወጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አፍጋኒስታን ሄዶ በጦርነት የተጎዱ ሰዎችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ኋላ ብሔራዊ ቡድን ሆኑ። ጁባ ላይም ለጎረቤቶቻችን ለደቡብ ሱዳናውያን ሥልጠና ሰጥቷል።

የእኛን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ብናይ ክፍተቱ ይታያል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በህዳር 1968 ቴላቪቭ ላይ ነው፤ የአበበ አደጋ ከመድረሱ አራት ወር ገደማ በፊት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሜዳሊያ የመጣው ከ44 ዓመት በኋላ፣ ለንደን 2012 ላይ በወንድዬ ፍቅሬ ብር ነው። ታምሩ ደምሴ ሪዮ ላይ ብር ደገመ። ትዕግስት ገዛኸኝ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። ፓሪስ 2024 ላይ እሷና ያየሽ ጌቴ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ብር። ሁሉም 1500 ሜትር፤ ሁሉም የእጅ ወይም የዓይን ጉዳት ያለባቸው ሯጮች። በዊልቸር የመጣ አንድም የለም። ለሯጭ ጫማና አብሮት የሚሮጥ ሰው ይበቃዋል፤ የውድድር ዊልቸር ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል።

የቅርጫት ኳሱ ሕግ ደግሞ ለከባድ ጉዳተኛ ያደላል። ተጫዋች ሁሉ እንደ ጉዳቱ ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ተደምረው ከ14 ማለፍ የለባቸውም። ስለዚህ አሰልጣኝ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢመርጥ ጉዳቱ የከበደ፣ ነጥቡ ዝቅ ያለ ልጅም ማሰለፍ ግድ ይለዋል። ኳስ ይዞ ጎማውን ሁለቴ መግፋት ይቻላል፤ ከዚያ ማንጠር ወይም ማቀበል ነው። ለአንድ ግጥሚያ አስር ወንበርና የተስተካከለ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ቅርጫቱ ለማንም አይወርድም፤ እንደ ሁሉም ሜዳ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጋምቤላ ልጅ ክንድ ደግሞ ሩቅ አይደለም።