ተራው የሰገራ ምርመራ የማያየው ትል

በአማራ ክልል የገጠር ትምህርት ቤቶች የትል መድኃኒት ዘመቻ የተለመደ ነው። ተማሪዎች ተሰልፈው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ይውጣሉ፤ ወስፋቱ ይረግፋል፣ መንጠቆ ትሉም ይቀንሳል። አንድ ትል ግን ከመድኃኒቱም ከመርማሪውም ዓይን ያመልጣል። ስትሮንጂሎይድስ ስተርኮራሊስ ይባላል። በጤና ጣቢያ መዝገቦች ላይ ብዙም ስለማይገኝ ብርቅ በሽታ መስሎ ኖሯል።

ብርቅ አለመሆኑን ካሳዩት አንዱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ከስፔኑ የካርሎስ ሦስተኛ የጤና ኢንስቲትዩት ባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ገጠር ወደ 400 የሚጠጉ ተማሪዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። በተለመደው ዘዴ ትሉ የተገኘባቸው ጥቂቶች ነበሩ። ሌሎች ዘዴዎች ሲጨመሩ ግን ከ5 ልጆች አንዱ ገደማ ትሉን ተሸክሞ ተገኘ። በኋላም እነዚሁ ተቋማት በክልሉ አምስት የምርመራ ዘዴዎችን ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ፣ የሁሉም ውጤት ሲደመር ከ3 ተማሪዎች ከአንድ በላይ ትሉ ነበረባቸው።

ልዩነቱ የመጣው ከትሉ ጠባይ ነው። ወስፋትና መንጠቆ ትል እንቁላላቸውን ከሰገራ ጋር ያስወጣሉ፤ ባለሙያውም በማይክሮስኮፕ እንቁላሉን ይቆጥራል። የስትሮንጂሎይድስ እንቁላል ግን እዚያው አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ከሰገራው ጋር የሚወጣው ጥቂት እጭ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ወጥቶ በሌላው ቀን ሊጠፋ ይችላል። እንቁላል የሚፈልግ ዓይን ምንም ሳያይ «ነጻ ነው» ብሎ ይጽፋል።

እጩን ለማግኘት ራሱ እንዲመጣ ማድረግ ያስፈልጋል። በቤርማን ዘዴ አዲስ ሰገራ በጨርቅ ተይዞ ሞቅ ያለ ውኃ በተሞላ ማጥለያ አፍ ላይ ይቀመጣል። ሙቀት የሚወደው እጭ ወደ ውኃው ይወጣና ታች ይዘቅጣል፤ እዚያ ይለቀማል። ዘዴው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ትኩስ ናሙና፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው፤ በቀን ብዙ ሕመምተኛ በሚያስተናግድ ጤና ጣቢያ ግን የእነዚህ የሦስቱም እጥረት አለ።

ትሉ ወደ ሰው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በእግር ነው። ሰገራ የነካው እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ እጭ የባዶ እግርን ቆዳ ሰንጥቆ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከዚያ በጉሮሮ በኩል ተውጦ አንጀት ይደርሳል። በአንጀት የምትኖረው ሴቷ ብቻ ናት፤ ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ያለ ወንድም ትራባለች። በጣና ዳር ሜዳ ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ውስጥ የሚውል እረኛ፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ቀበሌ ከማሳ ወደ ማሳ በባዶ እግሩ የሚመላለስ ገበሬ ለትሉ የተጋለጠ ነው።

ስትሮንጂሎይድስን ከብዙዎቹ የአንጀት ትሎች የሚለየው ከሰው አለመውጣቱ ነው። ከእጮቹ አንዳንዶቹ ወደ ውጭ ሳይወጡ እዚያው በአንጀት ግድግዳ ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ ባለው ቆዳ በኩል ተመልሰው ይገባሉ። ስለዚህ በሽታው ያለ አዲስ አፈር፣ ያለ አዲስ ንክኪ ይቀጥላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታይላንድና በበርማ የባቡር ሐዲድ ሥራ የተሰማሩ የጦር ምርኮኞች አገራቸው ከተመለሱ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ትሉ ተገኝቶባቸዋል።

ብዙ ሰው ቀላል የሆድ ሕመም ወይም ማሳከክ ብቻ ይሰማዋል፤ ምንም የማይሰማውም አለ። አደጋው የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ነው። ለአስም ወይም ለሥጋ ደዌ መዘዝ ፕሬድኒሶሎን፣ ለከባድ ኮቪድ ዴክሳሜታሶን የታዘዘለት ሰው ትሉ ካለበት እጩ በብዛት ተራብቶ ከአንጀት ወደ ሳንባና ሌሎች አካላት ሊሰራጭ፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይዞ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

ውሻም ይህን ትል ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የካምቦዲያ ጥናት በውሾች ዘንድ ሁለት ዓይነት የትሉ ዘር እንዳለ፣ አንዱ በሰው ከሚገኘው ጋር እንደሚመሳሰል አሳይቷል። በየመንደሩ ውሻ ከልጅ ጋር በአንድ ግቢ በሚኖርበት በጣና ዙሪያም ሰውን ብቻ ማከም ይበቃ እንደሆነ መጠናት ይኖርበታል።

መድኃኒቱ አለ። አይቨርሜክቲን በመጀመሪያ ለከብት ተሠርቶ ቀጥሎ ለሰው የዋለ ነው፤ ፈልስፈው ያበረከቱት ዊሊያም ካምቤልና ሳቶሺ ኦሙራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለሰው የሚሆነው ኪኒን ነው፤ የከብቱን መርፌ ለሰው መጠቀም አደገኛ ነው። በአገራችን ኪኒኑ ለወንዝ ዓይነ ሥውርነት በልገሳ ሲታደል ኖሯል። ለትምህርት ቤት ዘመቻ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚዋጥ አልቤንዳዞል ግን ስትሮንጂሎይድስን በደንብ አያጠፋም።

አይቨርሜክቲንንና አልቤንዳዞልን በአንድ ኪኒን ያዋሐደ መድኃኒት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሞዛምቢክ ልጆች ላይ ተሞክሯል፤ የኢትዮጵያውን ክፍል ያካሄደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ታትሟል። ጅራፍ ትል በተባለው ሌላ የአንጀት ትል ላይ አልቤንዳዞል ብቻውን ከሦስት አንድ ያህል ልጆችን ሲያድን፣ ሦስት ቀን የተወሰደው ጥምር ኪኒን ከ95 በመቶ በላይ አድኗል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ በተማሪ ዕድሜ ባሉ ልጆች ዘንድ ስርጭቱ 5 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አካባቢ ከ5 ዓመት ጀምሮ ላለው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ አይቨርሜክቲን እንዲሰጥ ይመክራል። የአማራ ክልል ጥናቶች ያገኙት ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው፦ አይቨርሜክቲንን በትምህርት ቤት ዘመቻ መጨመር፣ በየሆስፒታሉ ቢያንስ ቤርማንን ማስለመድ፣ ከገጠር ለመጣ ሕመምተኛ ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊትም ስለዚህ ትል መጠየቅና መመርመር። ጥናቱ በዚሁ ክልል ተሠርቷል፤ መድኃኒቱን ለማዳረስ የጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ጤና ቢሮ ውሳኔ ያስፈልጋል።