ወጣቱ በሳነቴ አምባ የሚማረው

አንድ ወጣት በባሌ ተራሮች፥ በመስክ ሠፈር ድንኳን ተክሎ ጥቂት ሳምንታት ቢሰነብት ምን ያገኛል? ብዙዎች አየር መለወጥ ብቻ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት እንዳለበት ለውድ አንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

የሳነቴ አምባ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ አዲስ የመጣ ሰው ቶሎ ይደክመዋል፤ ራሱንም ሊያመው ይችላል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ቀስ ብሎ መራመድና ባልንጀራን መጠበቅ ነው። ሕመሙን የሚደብቅ ወጣት ጓደኞቹንም ችግር ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው ትምህርት ትዕግሥት ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ግን ለብቻው፥ በቀን ብርሃን ነው። ወጣቱ በጅብራ ሥር ተቀምጦ ቀበሮው የት፥ በስንት ሰዓት እንደታየ ይመዘግባል። ያላየውን አይጽፍም፤ ምንም ሳይታይ የዋለበት ቀንም እንዲሁ ይመዘገባል።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ይከብዳል። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 እንኳ አይሞሉም። ከብት ለመጠበቅ ከእረኞች ጋር ወደ ተራራ የሚወጡ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፉባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወብ ሸለቆ በሽታው በገባባቸው መንጋዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት አልቀዋል። ስለዚህ በየመንደሩ ውሾች ይከተባሉ፤ ከ2018 ጀምሮም በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል።

ያው በሽታ ከብትንም ሰውንም ይገድላል። ባበደ ውሻ ተነክሰዋል ተብለው ከሚጠረጠሩት ሰዎች 40 ከመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ ግን መከላከል ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ይከተብ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይገታል።

እንግዲህ ወጣቱ ቀበሮ ሊያይ ወጥቶ፥ የጎረቤቱ ሕፃን ሕይወት ከአንድ ውሻ ክትባት ጋር የተያያዘ መሆኑን አውቆ ይመለሳል። ወጣቶቻችሁን ወደ እንዲህ ያለ ሠፈር የምትልኩ ጉባኤዎች ሆይ፥ ሲመለሱ አንድ ምሽት ሰጥታችሁ አድምጧቸው። የፕሮጀክት ሠራተኞችም የክትባት ቀን ሲደርስ እነርሱን አስቀድማችሁ ጥሩ፤ ቤት ለቤት ዞሮ ለማስረዳት ከእነርሱ የተሻለ አይገኝም።