አዋላጅ ማን ናት? የሙያ ፈቃዱስ ለማን ይጠቅማል?

በአማርኛ «አዋላጅ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራል። አንደኛዋ ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ የተመዘነችና የሙያ ፈቃድ የያዘች ሚድዋይፍ ናት፤ በዚህ ሙያ ወንዶችም ብዙ ናቸው። ሁለተኛዋ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ አይታ የለመደች፣ ጎረቤቷን ምጥ ሲይዛት በሌሊት የምትጠራ የልምድ አዋላጅ ናት። በዕለት ንግግራችን ልዩነቱ ብዙም አያስጨንቀንም። በሕግ ፊት ግን ሰፊ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ ሐኪሞች እንዲመዘገቡ ሲያዝ፣ ማኅበረሰቡ የሚያውቃቸውን የባህል ሕክምና ሰዎች ግን ለሕይወት አደገኛ እስካልሆኑ ድረስ አልከለከለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ደግሞ ማንም የጤና ባለሙያ ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይይዝ እንዳይሠራ ደነገገ። በወንጀል ሕጉም ያለ ብቃትና ያለ ፈቃድ ማከም ያስቀጣል።

ታዲያ ፈቃዱ እንዴት ይገኛል? በዲፕሎማ ደረጃ የሚመረቁት የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፍ አለባቸው። በዲግሪ ለሚመረቁት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አገር አቀፍ የሙያ ፈቃድ ፈተና መጥቷል። ዲግሪ ይዞ መውጣት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ፈቃዱም አንዴ ተሰጥቶ የሚረሳ ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ ነው፤ ለማደስም ተከታታይ የሙያ ሥልጠና ይጠየቃል። ቅሬታ ሲቀርብ ደግሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምራል። ጥፋቱ ከከበደ ፈቃዱ እስከ መሰረዝ ይደርሳል።

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሁሉ «ወረቀት ማብዛት» ይለዋል። ግን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናቶችን በብዛት ከሚገድሉት አንዱ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ ነው። ሚድዋይፏ ልጁ እንደተወለደ ኦክሲቶሲን ትወጋለች፣ የእንግዴ ልጁን አወጣጥ ትከታተላለች፣ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ትልካለች። ይህን ካላደረገች ደግሞ የምትጠየቅበት መዝገብ አለ። የልምድ አዋላጇ ልቧ ቀና ቢሆንም መርፌው በእጇ የለም። እናቲቱ ብትሞት «የአላህ ፈቃድ ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀበራል።

ወደ ባሌ እንምጣ። ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሚድዋይፎችን ያሠለጥናል። ድሬ ሼክ ሁሴን ግን ከሮቤም ከጎባም ሩቅ ነው። ወደዚያ ለዝየራ ከሚጓዙት መካከል ልጅ እንዲሰጣቸው የሚለምኑ ሴቶች አሉበት። ለልጅ ሲሉ ይህን ያህል መንገድ የሚሄዱ እናቶች ባሉበት አገር፣ ልጁ የሚወለድበት ሰዓት ለዕድል መተው የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኦሮሚያ ከ100 ወሊድ በጤና ተቋም የተከናወነው 19 ያህሉ ብቻ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ 26 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል።

እንግዲህ የፈቃድ ሕግ የሚጠብቀው ፈቃድ ያለው ሰው ዘንድ የደረሰችውን እናት ነው። ያልደረሰችውን መንገድ፣ አምቡላንስና ቅርብ ጤና ጣቢያ ካልደረሱላት ሕጉ ብቻውን አያድናትም። የልምድ አዋላጇንም ማሳደድ መፍትሔ አይመስለኝም። እናቶች ያምኗታል፤ ምጥ ሲጀምር ይዛቸው ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ትልቅ ሥራ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቀረው ቃሉን መለየት ነው። «በአዋላጅ ስትገላገል ሞተች» ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ፣ አዋላጇ የትኛዋ እንደሆነች ካልነገረን፣ ጥፋቱ የባለሙያ ይሁን የመንገድ እጦት ማንም አያውቅም። ስለዚህ ፈቃድ እንዳላት እንጠይቅ፤ ከሌላትም ፈቃድ ያላት ሚድዋይፍ ለምን እዚያ እንዳልነበረች እንጠይቅ። ዜናው ያለው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ጥያቄ ውስጥ ነው።