ሦስት መሬት፣ አንድ ሯጭ

የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፕሮግራም የትረካ ጽሑፍ

ምስል፦ ሱሉልታ በማለዳ። ጭጋግ ያልለቀቀው ሜዳ። በቡድን በቡድን የሚሮጡ ወጣቶች። ከጎጃም መንገድ የሚሰማ የጭነት መኪና ድምፅ።

ተራኪ፦
እንጦጦን የተሻገረ የጎጃም መንገደኛ ሱሉልታ ሲደርስ ሜዳው ይሰፋለታል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይሳሳል። በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋ ሣሩ የሚታጨድበት ይህ ሜዳ ጠዋት ጠዋት የሯጮች ነው። ስማቸውን ገና ማንም የማያውቀው ልጆች ከዓለም ሻምፒዮኖች ኋላ ተሰልፈው ይሮጡበታል።

ምስል፦ የቀነኒሳ መሮጫ መም፣ ከላይ የተነሣ።

ተራኪ፦
ይህን መም ያስገነባው መንግሥት አይደለም፤ ፌዴሬሽንም አይደለም። ሮጦ ባገኘው ገንዘብ ያስገነባው አትሌት ቀነኒሳ በቀለ ነው።

የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ነው። የሩጫ ዘመኑ ማምሻ ላይ የደረሰው ይህ ሰው ከታላላቆቹ መካከል ቦታው የት ነው? ከአበበ ቢቂላ፣ ከምሩፅ ይፍጠር፣ ከኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ከባሕር ማዶም ከዛቶፔክ፣ ከሞ ፋራህ፣ ከኪፕቾጌ ጎን ስናቆመው ምን እናያለን?

ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምስል፦ የአቴንስ፣ የቤጂንግና የበርሊን ሩጫዎች፣ ፈጠን ባለ ቅንብር።

ተራኪ፦
የሚታወቀውን ቶሎ እንለፈው። በ1982 አርሲ በቆጂ ተወለደ፤ ደራርቱ ቱሉንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈራችው ከተማ። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ገና በልጅነቱ አዩት። በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌን አስከትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2004 በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ከኃይሌ ተረከበ፤ በሄንግሎ 5,000 ሜትርን በ12:37.35፣ በኦስትራቫ 10,000 ሜትርን በ26:20.31። በዚያው ክረምት አቴንስ ላይ ከስለሺ ስህን ጋር እየሮጡ፣ ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን የፈለጉበትን ምስል የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የለም። በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000ውንና 10,000ውን ጠቅልሎ ወሰደ። ከኢትዮጵያ ወንዶች ይህን በአንድ ኦሊምፒክ ያደረገው ከእሱ በፊት ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ብቻ ነበር፤ በ1980 ሞስኮ ላይ። በቀጣዩ ዓመት በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ ያንኑ ደገመው።

በድምሩ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅና አንድ ብር፣ ከቤት ውጭ በሚደረገው የዓለም ሻምፒዮናም አምስት ወርቅ። የ5,000 ሜትር ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ቆየ። በ2005 ብራሰልስ ላይ በ26:17.53 ያሻሻለው የ10,000 ሜትሩ ደግሞ 15 ዓመት። ሁለቱንም በ2020 የሰበራቸው ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው።

ይህ ብቻውን ታላቅ ያሰኛል። ተወዳዳሪ የለውም ለማለት ግን አይበቃም። ለዚያ የሚያበቃውን ካሜራ ብዙ ጊዜ አልተከተለውም። ሜዳሊያው በኦሊምፒክ ሠንጠረዥ አይገባም፤ ሩጫው የሚካሄደውም ስታዲየም ውስጥ አይደለም። በጭቃና በሣር ላይ ነው።

ምስል፦ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የቆዩ ቅጂዎች። ጭቃ፣ ዳገት፣ የተጨናነቀ አነሣሥ።

ተራኪ፦
በእነዚያ ዓመታት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለአዋቂ ወንዶች ሁለት ውድድር ነበረው። አጭሩ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የ1,500 እና የ5,000 ሜትር ፈጣኖች ይሰለፉበታል። ረጅሙ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የ10,000 ሜትርና የማራቶን ጽኑዎች ይሰለፉበታል። ቅዳሜ ከፈጣኖቹ፣ እሑድ ከጽኑዎቹ ጋር ሮጦ ሁለቱንም ማሸነፍ ከቀነኒሳ በፊት ለአንድም ወንድ ሯጭ አልሆነለትም። እሱ ከ2002 እስከ 2006 በየዓመቱ፣ አምስት ጊዜ በተከታታይ አደረገው።

ከአምስቱ በአንዱ ላይ ቆም እንላለን። አራተኛው ነው።

ምስል፦ የጫካ መንገድ፣ ያለ ሰው። ሙዚቃ የለም።

ተራኪ፦
ታኅሣሥ 26 ቀን 1997 ዓ.ም.። ገና ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቀነኒሳና እጮኛው ዓለም ተቻለ ከአዲስ አበባ ዳር ባለ ጫካ አብረው ለልምምድ ወጡ። ዓለም የ18 ዓመት ወጣት ናት። በ2003 ካናዳ ሸርብሩክ ላይ በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ወርቅ ያመጣች፣ ተስፋ የተጣለባት ሯጭ ናት። በልምምዱ መካከል ወደቀች። ሕይወቷም አለፈ።

ሠርግ ይጠባበቅ የነበረ ቤት ሐዘን ተቀመጠበት።

ወሩ ሳያልቅ ቀነኒሳ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ 3,000 ሜትር ተሰለፈ። መጨረሻው ተቃረበ ብሎ እንደ ልማዱ ተፈተለከ። ሩጫው ግን አላለቀም፤ አንድ ዙር ይቀር ነበር። ኃይሉን አስቀድሞ ጨረሰ፣ አየርላንዳዊው አሊስተር ክራግም አልፎት አሸነፈ። ሩጫን ከአነሣሡ እስከ ማብቂያው በልቡ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ዙር ተሳሳተ። ልቡ የት እንደነበር ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ መጋቢት ገባ። ፈረንሳይ፣ ሴንት ኤቲየን አጠገብ። ቢቀር ማንም አይፈርድበትም ነበር። አንዱን ብቻ ልሩጥ ቢልም ማንም አይቀየመውም ነበር። ቅዳሜ አጭሩን ሮጠ፤ ኬንያዊውን አብርሃም ቼቢን ቀድሞ ገባ። እሑድ ረጅሙን ሮጠ፤ ኤርትራዊውን ዘረሰናይ ታደሰን ቀድሞ ገባ። እጮኛውን ከቀበረ ገና ሦስት ወር አልሞላውም።

ሐዘንን በሩጫ አሸነፈ አንልም። ሐዘን እንዲያ አይሸነፍም። የምንለው ይህን ነው፤ ቤቱ በፈረሰበት ሰሞን እንኳ የጀመረውን ሥራ ሙሉውን ሠራ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሄልሲንኪ ላይ የዓለም ሻምፒዮንነቱን አስከበረ፤ ብራሰልስ ላይም ቅድም የጠራነውን የ10,000 ሜትር ሰዓት ሮጠ።

ምስል፦ ኤደንብራ፣ መጋቢት 2008። የሯጮች ጎርፍ። አንድ ሯጭ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስተካክል።

ተራኪ፦
አንድ ቅጂ እንጨምር። በ2007 ሞምባሳ ላይ ሙቀቱ በርትቶበት ረጅሙን ውድድር አቋርጦ ወጣ፤ ዘረሰናይ አሸነፈ። ለዓመታት በሣር ላይ ሽንፈት የማያውቀው ሰው ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ኤደንብራ ላይ ተመለሰ። ሩጫው ገና ሲጀመር ከኋላው ያለው ሯጭ ተረከዙን ረገጠው፣ ጫማውም ወለቀ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ አጠለቀው። እስኪነሣ ድረስ ግንባር ቀደሞቹ ርቀው ነበር። ልብ ብላችሁ እዩት፤ አይደነግጥም፣ በአንድ ጊዜም አይሮጥባቸውም። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ይደርስባቸዋል። ደረሰባቸው። ቀደማቸውም።

ያ ድል በአዋቂዎች 11ኛው የግል ወርቁ ሆነ። በ2001 ኦስቴንድ ላይ በወጣቶች ያገኘው ሲጨመር 12።

ምስል፦ ጉዳት ላይ ያለ ሯጭ ሕክምና ሲደረግለት። የዴጉ 2011 ሩጫ።

ተራኪ፦
ከ2010 በኋላ ያለው ትረካ እንደ ፊተኛው አይደለም። የባት ጡንቻ ጉዳት ከውድድር አራቀው። በ2011 ዴጉ ላይ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ኢብራሂም ጄይላን ወሰደ። በ2012 ለንደን ላይ ታናሽ ወንድሙ ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲያገኝ እሱ አራተኛ ሆነ።

ወደ አስፋልት ወጣ። በ2014 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2:05:04 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያሳስባል። አንድ ዓመት ድንቅ ሰዓት፣ ሌላ ዓመት ማቋረጥ። ሰውነቱ የሚችለውን ያህል ሙሉ የልምምድ ዘመን ያገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው። በ2016 በሪዮ ቡድን አልተካተተም። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የማራቶን ማጣሪያ በ2013 ዓ.ም. በሰበታ 35 ኪሎ ሜትር ሲሮጥም አልተሰለፈም፤ እስከ ኦሊምፒኩ ለማገገም የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው የሚል ተቃውሞ ነበረው። ከፌዴሬሽኑና ከአትሌቱ ማን ትክክል ነበር የሚለው ሊያከራክር ይችላል። ከሁለቱም በላይ የተጎዳው ግን ቀነኒሳን በኦሊምፒክ ማራቶን በጥሩ ዕድሜው ያላየው ተመልካች ነው።

ምስል፦ በርሊን፣ መስከረም 2019።

ተራኪ፦
በዚህ ሁሉ መካከል በርሊን አለ። 37 ዓመቱ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሰና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሄዱ፤ አበቃለት ተባለ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ አለፋቸው፣ ብቻውን ገባ። 2:01:41። የኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን በጊዜው 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ።

ምስል፦ ለንደን፣ ሚያዝያ 2024። ከዚያ ፓሪስ፣ ነሐሴ 2024።

ተራኪ፦
የስንብት ፕሮግራም ብንሆን እዚህ ላይ እናበቃ ነበር። ቅጂው ግን አላበቃም። በ2023 መጨረሻ ቫሌንሲያ ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:19 ሮጠ፤ ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ወንዶች የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። በሚያዝያ 2024 ለንደን ላይ በ2:04:15 አሻሻለው፤ ከአሸናፊው አሌክሳንደር ሙቲሶ የራቀው በ14 ሰከንድ ብቻ ነው። ከ12 ዓመት በኋላም ለኦሊምፒክ ተመረጠ። ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ ሲያጠልቅ ቀነኒሳ በ2:12:24 39ኛ ሆኖ ገባ። ከአቴንሱ ወርቅ 20 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ኪፕቾጌ እንኳ ሩጫውን አልጨረሰም። 39ኛነቱን የምንናገረው ልናሳንሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ጀምሮ መጨረሱን ራሱን እናከብራለን።

ምስል፦ ሱሉልታ፣ የቀትር ብርሃን። በመሙ ላይ የሚሮጡ ወጣቶች።

ተራኪ፦
እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ።

በማራቶን ኪፕቾጌ ይበልጣል። ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅና 2:01:09 አከራካሪ አይደለም። ኃይሌ በአራት የዓለም ሻምፒዮናዎችና በሁለት ኦሊምፒኮች 10,000ውን ገዝቶ፣ ማራቶንን ከ2:04 በታች ያወረደ የመጀመሪያው ሰው ነው፤ ለቀነኒሳ ትውልድ መንገዱን የከፈተውም እሱ ነው። ሞ ፋራህ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፤ በ5,000ና በ10,000 የዓለም ክብረ ወሰን ግን አልያዘም፣ የዓለም አገር አቋራጭንም አላሸነፈም። ኃይሌና ኪፕቾጌም በአዋቂዎች የአገር አቋራጭ የግል ወርቅ የላቸውም። ዛቶፔክ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ 5,000ውን፣ 10,000ውንና ማራቶኑን በአንድ ሳምንት አሸንፏል፤ በእሱ ዘመን ግን ይህ ሻምፒዮና አልነበረም። ለቀነኒሳ ቀርቦ የሚታየው ያ ክብረ ወሰኖቹን የሰበረው ቼፕቴጌ ነው፤ የአገር አቋራጭ ወርቁ ግን አንድ ነው።

በቀነኒሳ መዝገብ የጎደለው የማራቶን ክብረ ወሰንና የኦሊምፒክ ማራቶን ሜዳሊያ ነው። ጉድለቱን አንደብቅም። በሣር 12 የግል ወርቅ፣ በመም ሁለት ክብረ ወሰንና ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በአስፋልት 2:01:41 በአንድ ሰው እግር የተገኘ ግን ሌላ የለም። በአንዱ መሬት የሚበልጠው አለ፤ ሦስቱ ሲደመሩ የሚበልጠው የለም።

ይህ ፍርድ ከእኛ አንድ ነገር ይጠይቃል። ቀነኒሳ የተሠራው በሣር ላይ ነው። ከኢማነ መርጋ የ2011 ድል በኋላ እስከ 2024 ድረስ በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂ ወንዶች የግል ወርቅ ያመጣ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ደግሞ ሜዳው በየዓመቱ በቤትና በአጥር እየተያዘ ነው። ከተማ ይደግ፤ ሰው ቤት ይሥራ። የሸገር ከተማ አስተዳደር፣ ፌዴሬሽኑና ባለ ሀብቱ ግን ለሯጮች የሚሆን ሣር በካርታ ለይተው ያስከብሩ። ሐውልት ከማቆማችን በፊት ሜዳውን እናቆይለት።