ተጨማሪ መረጃ፦ ሽታ የሌለው መርዝ

በጅቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌን በመሳሰሉ ሰፈሮች የሚበላው ምግብ በአብዛኛው ከውጭ ይገባል፤ አትክልቱም በብዛት ከኢትዮጵያ ይጫናል። ታዲያ ምግብ የሚመረምር የአንዱ አገር ላቦራቶሪ ለጎረቤትም ይተርፋል። ለምሳሌ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በዓይንም በአፍንጫም አይለይም፤ ወተት ቢፈላም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎችን ኤላይዛ በተባለ የላቦራቶሪ ዘዴ መርምሮ በሁሉም ውስጥ አግኝቶታል። ዋናው ተጠርጣሪ ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነበር።

በኤላይዛ ሳህን ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት መርዙን ይይዛሉ፤ ከዚያ ቀለም ይወጣል። ልብ በሉ፦ በዚህ ምርመራ ቀለሙ በፈዘዘ ቁጥር መርዙ በዝቷል ማለት ነው። አጠራጣሪው ናሙና በፈሳሽ ክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይረጋገጣል። መሣሪያው ግን ውድ ነው፤ ፋጉሎ እንዳይሻግት በደረቅ ቦታ ማስቀመጥ በእጅጉ ይረክሳል።